ሦስት ሽማግሌዎችና አንዲት ረዥም ደብዳቤ

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለዋል። የወጋው ሰው መውጋቱን ከመጀመሪያው ያላወቀ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ከመርሳትም የከፋ ነው፤ የረሳ ሰው ሲነግሩት ያስታውሳል፥ ያላወቀ ግን ምኑን ያስታውሳል? እኔ አንድ ጊዜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋራ ሆኜ የአንዲትን ሴት ልብ ወግቼ፥ መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ሃያ ሁለት ዓመት በሰላም ኖርሁ። ይህንንም ያሳወቀችኝ አይቻት የማላውቅ፥ ቋንቋዋንም የማልሰማ፥ ከሀገራችን እጅግ ርቃ በአፍሪካ ምዕራብ ጫፍ በሴኔጋል የኖረች አንዲት ደራሲ ናት። ከእኔ ስሕተት የሚማር ሰው ቢገኝ እፍረቴ በከንቱ አይቀርም ብዬ ነገሩን ለውድ አንባብያን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ባለፈው ክረምት፥ ዝናቡ በርትቶ ከቤት መውጣት ባልተመቸበት ሰሞን፥ አስተማሪ የሆነችው ልጄ አንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በጠረጴዛዬ ላይ አኑራ፥ «አባባ፥ ጊዜ ሲያገኙ ይመልከቷት» ብላኝ ሄደች። እኔ ዕድሜዬን በመንግሥት ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ያነበብሁት አብዛኛው ሕግና ደንብ፥ ሪፖርትና ቃለ ጉባኤ ነው፤ ልብ ወለድ ታሪክ ለወጣቶችና ሥራ ለፈቱ ሰዎች ብቻ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ መጽሐፏን አንድ ሳምንት ያህል ሳልነካት ቆየሁ። በኋላ ግን አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑም ዝም ባለ ጊዜ፥ ሻማ አብርቼ ብገልጣት ሌሊቱ እስኪጋመስ ድረስ ከእጄ ልትወጣ አልቻለችም።

መጽሐፏን የጻፈችው ማርያማ ባ ትባላለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ተወለደች፤ እናትዋ በልጅነትዋ ስለ ሞተችባት በእናትዋ ወላጆች ቤት አደገች። በዚያ ዘመን ሀገሪቱ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረችና፥ ሴትን ልጅ ወደ ከፍተኛ ትምህርት መስደድ እምብዛም የተለመደ አልነበረም፤ አባትዋ ግን እንድትማር ቈርጦ ስለ ተነሣ፥ በሩፊስክ ከተማ ወደ ነበረው የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ መምህርት ሆነች። አግብታ ዘጠኝ ልጆች ወለደች፤ ኋላም ከባልዋ ተፋታች። የመጀመሪያ መጽሐፍዋን ያሳተመችው በዚያው አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም.፥ በአምሳ ዓመት ዕድሜዋ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ቢመለስ «እንዲህ ያለች ረዥም ደብዳቤ» እንደ ማለት ነው። በ1980 ዓ.ም.፥ በአፍሪካ ለታተሙ መጻሕፍት ይሰጥ የነበረው የኖማ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፥ የተሰጠው ለዚህች መጽሐፍ ነበር። በ1981 ዓ.ም. መጽሐፍዋ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ወጣ፤ ደራሲዋም በዚያው ዓመት አረፈች። ዛሬ በዳካር ፊት ለፊት ባለችው በጎሬ ደሴት የሚገኝ አንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በስሟ ይጠራል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ራማቱላይ የምትባል፥ የአሥራ ሁለት ልጆች እናት የሆነች መምህርት፥ ባልዋ ሞዱ ፎል በልብ ሕመም በድንገት ይሞትባታል። በእስልምና ሥርዓት ባልዋ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን በኅዘን ትቀመጣለች። ራማቱላይም በዚህ ጊዜ አይሳቱ ለምትባል የልጅነት ጓደኛዋ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ መጽሐፉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይኸው ደብዳቤ ነው። ሁለቱ ሴቶች አብረው ያደጉ፥ አብረው የተማሩ ናቸው፤ ባሎቻቸውም ጓደኛሞች ነበሩ። የደረሰባቸው መከራ አንድ ሆኖ ሳለ የሄዱበት መንገድ ግን ለየቅል ሆነ።

የአይሳቱ አባት ወርቅ አንጥረኛ ነበረ። እኛም በሀገራችን ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን በእጃቸው ሥራ እየኖርን በስማቸው ስንንቃቸው የኖርን ሰዎች ነንና፥ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ባልዋ ማውዶ ባ ሐኪም ነው፤ የማውዶ እናት ግን ከሲን ነገሥታት ዘር የምትወለድ ኩሩ ወይዘሮ ስለ ነበረች፥ ልጄ የአንጥረኛ ልጅ አገባ ብላ ቂም ያዘች። ስለዚህ የወንድሟን ሴት ልጅ ከገጠር አምጥታ በቤትዋ አሳደገቻት፤ አዋላጅነት አስተማረቻትና ለልጇ ሁለተኛ ሚስት ትሆን ዘንድ ሰጠችው። ማውዶም እናቴን በኅዘን አልገድልም በማለት ተቀበለ። አይሳቱ ይህን ባየች ጊዜ ደብዳቤ ጽፋ ትታለት፥ አራት ወንዶች ልጆችዋን ይዛ ከቤቱ ወጣች፤ ከመጻሕፍት ጋራ ታግላ አስተርጓሚ ሆነች፥ በመጨረሻም በአሜሪካ በሀገርዋ ኤምባሲ ለመሥራት በቃች።

የራማቱላይም ጽዋ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ባልዋ ሃያ አምስት ዓመት በትዳር ከኖረ በኋላ፥ ቢንቱ የምትባለውን የገዛ ልጁን የዳባን የትምህርት ቤት ጓደኛ አገባ። ቢንቱ ለጥናት ወደ ቤታቸው ትመጣ የነበረች ልጅ ናት። እናትዋ ድኻ ነበረችና፥ ከችግር አውጪኝ እያለች በልቅሶ ለመነቻት፤ ልጅቱም ፈተናዋን ሳትፈተን ትምህርትዋን አቋርጣ ለአባትዋ እኩያ ተዳረች። ራማቱላይ ልጆችዋ ተለይተሽ ውጪ ቢሉዋት እንኳ ከቤትዋ አልወጣችም፤ ባልዋ ግን እርሷንም ልጆችዋንም ጨርሶ ተዋቸው።

መጽሐፏን እያነበብሁ እዚህ ላይ ስደርስ ነው አንድ ስፍራ ያገኘሁትና ሻማው እንደ በራ መጽሐፏን የዘጋሁት። ሞዱ ሁለተኛ ሚስት ማግባቱን ለራማቱላይ ራሱ አልነገራትም። ወንድሙን ታምሲርን፥ ጓደኛውን ማውዶንና የሰፈራቸውን ኢማም ላከባት። ሰርጉ በመስጊድ ከተፈጸመ በኋላ ሦስቱ መልእክተኞች በአንድነት መጥተው በሳሎንዋ ተቀመጡና ዙሪያውን ይናገሩ ጀመር። እርሷም ባልዋ የሞተ መስሏት ደነገጠች። እነርሱ ግን አልሞተም፥ ደኅና ነው፥ ያደረገው ነገር ቢኖር ሚስት ማግባት ብቻ ነው፥ ይህም የፈጣሪ ፈቃድ ነው አሉዋት። ራማቱላይም ፊትዋን ሳታጠቍር አመስግናቸው ሸኘቻቸው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልመለስ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ፥ ለሥራ ተመድቦ በሚኖርበት በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ከሌላ ሴት ሁለት ልጆች ወልዶ ቤት አቁሞ ኖሮ፥ ነገሩ ሊደበቅ የማይቻል ሲሆን ወደ እኔና ወደ ሁለት ሌሎች ወዳጆቹ መጣ። «እናንተ ሽማግሌ ሆናችሁ ለባለቤቴ ንገሩልኝ፥ አለዝቡልኝ» ብሎ ለመነን። እኛም ሰው አስታርቆ ቤት ማቆም የተባረከ ሥራ ነው ብለን፥ በአንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ነጠላችንን አጣፍተን ሄድን።

ወይዘሮዋ በሩን ከፍታ ሦስታችንን በአንድነት ቆመን ባየች ጊዜ ፊትዋ ዐመድ መሰለ። በሀገራችን ሰዎች ተሰብስበው ሳይጠሩ የሚመጡት ለመርዶ ነውና፥ «እሱ ደኅና ነው?» ብላ ጠየቀች። ከእኛ በዕድሜ የሚበልጠው፥ «ደኅና ነው፤ ሰው ነውና ሰውን የሚያገኘው ነገር አገኘው እንጂ» ብሎ ጀመረ። ንግግሩን የጨረስሁት ግን እኔ ነኝ። ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ፥ የሆነው አንድ ጊዜ ሆኗልና ቤት ማፍረስ እንደማይገባ፥ እርሷም የመጀመሪያይቱ ስለ ሆነች ክብሯ እንደማይነካ፥ ትዕግሥት የጨዋ ሴት ጌጥ እንደ ሆነ በሰፊው አስረዳኋት። እንደዚያ ቀን አሳምሬ የተናገርሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እርሷ አንድ ቃል አልመለሰችም። ተነሥታ ከሰል አያያዘች፥ ቡናውን አጥባ ቈላች፥ ወቅጣ አፈላች። አቦሉን ጠጣን፥ ቶናውን ጠጣን፥ በረካውንም ጠጣን። መርቀን ወጣን። በመንገድም «እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት!» እየተባባልን ሄድን፤ ለላከንም ሰው «ተቀብላዋለች» ብለን መልስ ሰጠን። ዓመት ሳይሞላ ሰውየው ወደ ቤቱ መምጣቱን አቆመ፤ ወይዘሮዋም አራት ልጆችዋን በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በመሸጥ አሳደገቻቸው። እኔም በየለቅሶው ቤት ሳያት ከሩቅ እጅ ነሥቼ ከማለፍ በቀር፥ ወደ ቤትዋ ተመልሼ ሄጄ አላውቅም ነበር።

መጽሐፏን የዘጋሁት እንግዲህ ስለዚህ ነው። ራማቱላይ መልእክተኞችዋን አመስግና ስትሸኝ ባነበብሁ ጊዜ፥ ያ ሦስት ሲኒ ቡና ትዝ አለኝ። ጨዋነት ሌላ፥ መቀበል ሌላ መሆኑን በዚያ ዕድሜዬ አላውቅም ኖሯል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ ይህ የሌላ ሀገርና የሌላ ልማድ ነገር ነው፥ እኛን አይመለከተንም ይል ይሆናል። እውነት ነው፥ በሴኔጋል በ1972 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ፥ ወንድ ጋብቻውን ሲፈጽም አንዲት ሚስት ወይም እስከ አራት ድረስ ለማግባት ምርጫውን እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል፤ በእኛ ሀገር ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ቀድሞ በጋብቻ የታሰረ ሰው ሌላ ጋብቻ እንዳይፈጽም ይከለክላል። ነገር ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፥ እዚያ በመዝገብ የሚፈጸመው እዚህ ያለ መዝገብ ሲፈጸም ስንቶቻችን አይተን ዝም ብለናል? ሕጉ ቢለያይም በሳሎን የተቀመጡት ሦስት ሰዎች አንድ ናቸው።

በማግሥቱ መጽሐፏን ጨረስኋት። ካነበብኋቸው ነገሮች ሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው የሴቶቹ ኑሮ እርስ በርሱ የተያያዘበት መንገድ ነው። ሸማኔ ድርና ማግ አዋሕዶ እንደ ሠራው ጥለት፥ አንዱ ክር ሲሳብ ሌላው ይጨማደዳል። የማውዶ እናት የአንጥረኛዋን ልጅ ለማዋረድ የወንድሟን ልጅ መሣሪያ አደረገች፤ የቢንቱ እናት ከድኽነት ለመውጣት የልጅዋን ወጣትነት ሸጠች። ቢንቱም ራማቱላይን ያቈሰለች ትምሰል እንጂ እርሷ ራስዋ የተሠዋች ናት፤ ራማቱላይም ይህን ታውቃለችና በጥላቻ አትጽፍባትም። ዣክሊን የምትባል ከአይቮሪ ኮስት የመጣች ሌላ ጓደኛም አለቻቸው፤ ባልዋ ሴት ሲያሳድድ እያየች በሰው ሀገር ብቻዋን ተብከንክና ታመመች። ሐኪሞች በራጅና በምርመራ ሥጋዋን ሁሉ ቢፈትሹ ምንም አላገኙም፤ በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ሐኪም የታመመው ኑሮዋ መሆኑን ነግሮ እስኪያጽናናት ድረስ አልዳነችም።

የሚጐዳዱት ብቻ ሳይሆኑ የሚደጋገፉትም ሴቶች ናቸው። ራማቱላይ ባልዋ ከተዋት በኋላ ልጆችዋን ይዛ በአውቶቡስ ስትጋፋ መኖርዋን አይሳቱ በሰማች ጊዜ፥ ከሩቅ ሀገር ሆና አንዲት ፊያት መኪና ገዛችላት። ራማቱላይም መንዳት እጅግ ብትፈራም ተማረች። እኔ ይህን ሳነብ፥ ከባልዋ ወገን ማን ምን አደረገላት? ብዬ ፈለግሁ፤ መልእክት ከማምጣት በቀር ምንም አላገኘሁም።

ሦስቱ ሰዎች በመጽሐፉ መካከል እንደ ገና ይመጣሉ። ሞዱ ከሞተ በአርባኛው ቀን ያው ታምሲር፥ ያው ኢማም፥ ያው ማውዶ ቀድሞ በተቀመጡበት ስፍራ ተቀምጠው፥ ታምሲር የወንድሙን ሚስት ሊያገባ መወሰኑን ይነግሯታል። አሁንም አልጠየቋትም፤ ነገሯት እንጂ። በዚህ ጊዜ ግን ራማቱላይ የብዙ ዓመት ዝምታዋን ፈትታ ተናገረች፥ መልእክተኞቹም አፍረው ወጡ። በኋላም ዳውዳ ዲየንግ የሚባል፥ በወጣትነትዋ የጠየቃት የተከበረ ሐኪምና የሕዝብ እንደራሴ፥ ሚስት እያለችው ሊያገባት ቢለምናት እንቢ አለች። ሰውየውን ንቃ አይደለም፤ በእርሷ ላይ የደረሰው በሌላይቱ ሴት ላይ እንዳይደርስ ነው። ክሩን ላለመሳብ እጅዋን የሰበሰበች በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እርሷ ናት።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት በገባ ጊዜ፥ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ብቻዬን ወደዚያ ቤት ሄድሁ። የዱሮው በር ነው። ወይዘሮዋ ጠጕርዋ ሸብቷል፤ እኔንም በክብር ተቀብላ አስቀመጠችኝ። ቀድሞ «አንቺ» እያልሁ የመከርኋትን ሴት በዚያ ቀን «እርስዎ» አልኋት። የመጣሁበትን ነገር ስነግራት ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለችኝ።

«ያን ቀን በሩን ስከፍት ሞቷል ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ የነገራችሁኝን ሁሉ አልሰማሁትም። ቡናውን ያፈላሁት እጄ ሥራ ከያዘ አልወድቅም ብዬ ነው። እስከ በረካው ድረስም ጠበቅሁ፤ ከሦስታችሁ አንዳችሁ ‹አንቺስ ምን ትያለሽ?› የምትሉኝ መስሎኝ። ከዚያ ጽዋውን መልሳችሁ መረቃችሁኝ።»

የምመልሰው ቃል አጣሁ። በዚህ መካከል አንዲት ወጣት ልጅ ረከቦቱን ይዛ ገባችና ጐንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። ፊትዋ የሟቹን ባልደረባዬን ፊት ይመስላል፤ ነገር ግን የወይዘሮዋን ልጆች ሁሉ ስለማውቃቸው ይህችኛይቱ ማን እንደ ሆነች ግራ ገባኝ። ወይዘሮዋ መገረሜን አይታ፥ ልጅቱ ወደ ማድ ቤት ስትመለስ ነገረችኝ። ልጅቱ የሌላይቱ ሴት ልጅ ናት። አባትዋ ከሞተ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ማረፊያ አልነበራትምና፥ ወይዘሮዋ «የልጆቼ እኅት በኪራይ ቤት አትንከራተትም» ብላ ወደ ቤትዋ አስገባቻት። እናትዋም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለመስከረም ቅቤና ማር ትልክላታለች።

«እርሷንም እኮ ሚስቴን ፈትቻለሁ ብሎ ነበር ያገባት» አለችኝ። «እኔ ዘንድ ሦስት ሽማግሌ መጣ፤ እርሷ ዘንድ ግን ማንም አልሄደም።»

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ልቤን መታው። እኛ ሦስታችን ስለ አንድ ቤት ስንመክር ሁለት ቤት መኖሩን፥ በሁለተኛይቱም ቤት ያለችው ሰው መሆንዋን አላሰብንም ነበር። ማንም ያላስታረቃቸው ሁለት ሴቶች ያለ ሽማግሌ ራሳቸው ታረቁ።

ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ወይዘሮዋም፥ «ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ወደ ሌላ ሰው ቤት እንደዚያ ሆነው አይሂዱ» አለችኝ። እንደማልሄድ ቃል ሰጠኋትና ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ከሁለቱ ጓደኞቼ አንደኛው ሞቷል፤ በሕይወት ላለው ነገሩን ብነግረው፥ ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳብ አድርጎ ዝም አለ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፥ ይልቁንም በሥራና በዕድሜ የተከበራችሁ፥ ለሽምግልና የምትጠሩ ሁሉ፥ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሽምግልና የሀገራችን ትልቅ ሀብት ነው፤ ብዙ ደም አድርቋል፥ ብዙ ቤት አቁሟል። ነገር ግን ሽማግሌ ለሁለቱ ወገኖች እኩል ጆሮ ካልሰጠ፥ የአንደኛው ወገን ተላላኪ ሆነ እንጂ ሽማግሌ አልሆነም። ወደ አንዲት ሴት ቤት ስትላኩ፥ የተቈረጠ ነገር ልታረዱ ወይስ የእርሷን ቃል ልትሰሙ እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ላኪውን ጠይቁ። ከገባችሁም በኋላ ስለ ትዕግሥት ከመናገራችሁ በፊት «አንቺስ ምን ትያለሽ?» በሉ፤ መልሱንም አቦሉ ሳይቀዳ ስሙ። ከዚያችም ሴት ሌላ፥ በነገሩ ኑሮዋ የሚናጋ ሌላይቱ ሴት የት እንዳለች ጠይቁ።

ለልጄ መጽሐፏን ስመልስላት፥ ለምን ለእኔ እንደ ሰጠችኝ አልጠየቅኋትም። የዚያች ወይዘሮ ታላቂቱ ልጅና የእኔ ልጅ በአንድ ወንበር የተማሩ ጓደኛሞች መሆናቸው ትዝ ያለኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ልጄም መጽሐፏን ተቀብላ፥ «አነበቧት?» አለችኝ። «አነበብኋት፤ ሄጄም ነበር» አልኋት። እርሷም የት ብላ አልጠየቀችኝም።